ምዕራፍ አምስት፦ ጠርሙሱን አዙሩት

በ1975 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አንድ ደንብ አወጣ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አንድ የመዋቢያ አምራች ማሸጊያው ላይ «ሃይፖአለርጄኒክ»፣ ማለትም አለርጂ እምብዛም የማይቀሰቅስ፣ ብሎ መጻፍ ከፈለገ ምርቱን በሰው ቆዳ ላይ ፈትኖ፣ ይህን ቃል ካልጻፉት ተመሳሳይ ምርቶች በጉልህ ያነሰ ጉዳት እንደሚያደርስ ማሳየት አለበት አለ። ማሳየት ያልቻለ አይጻፍ። አልሜይና ክሊኒክ የተባሉት ኩባንያዎች ደንቡን ተቃውመው ፍርድ ቤት ቆሙ። በመጀመሪያው ችሎት ተረቱ፤ ይግባኝ አሉ። በ1977 ማብቂያ ላይ የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው። ምክንያቱ፣ ሸማቹ ቃሉን መሥሪያ ቤቱ በደነገገው መንገድ እንደሚረዳው አልተረጋገጠም የሚል ነበር።

ነገሩ በዚያው ቀረ። እስከ ዛሬ ድረስ በአሜሪካ ለዚህ ቃል በሕግ የተቀመጠ መስፈርት የለም፤ አምራቹ የመሰለውን ትርጉም ሰጥቶ ይጽፈዋል። «በቆዳ ሐኪም የተፈተነ» የሚለውም ከዚህ አይሻልም። አንድ ሐኪም በሆነ መንገድ እጁን አስገብቷል ማለት ነው እንጂ በስንት ሰው ላይ እንደተፈተነ፣ ስንቱን እንዳቃጠለ፣ ውጤቱም ምን እንደሆነ አይነግረንም። ተፈትኖ የወደቀም «ተፈትኗል» ሊባል ይችላል። «ከ10 ሴቶች 9ኙ ቆዳችን ለስልሷል ብለዋል» የሚለው ደግሞ መጠይቅ ነው፤ አዲስ ክሬም በነፃ ተሰጥቷቸው ምን ተሰማችሁ የተባሉ ሰዎች መልስ። አውሮፓ ጠበቅ ያለ ሕግ አላት፤ ከ2013 ጀምሮ ማሸጊያ ላይ የሚጻፍ ማንኛውም የማስታወቂያ ቃል ማስረጃ ሊኖረው ይገባል። ማስረጃው ግን የሚቀመጠው በአምራቹ መዝገብ ውስጥ ነው። ተቆጣጣሪው ሲጠይቅ ይቀርብለታል፤ ሱቅ ውስጥ የቆመው ገዢ አያየውም።

ስለዚህ የማሸጊያው ፊት የሻጩ ነው። ጀርባው ላይ በጥቃቅን ፊደል የተደረደረው የንጥረ ነገር ዝርዝር ግን ሕግ አስገድዶት የተጻፈ ነው። ቆዳው ቶሎ የሚቆጣ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ማመን ያለበት ይህኛውን ነው፤ ይህ ምዕራፍም በአብዛኛው ጀርባውን ስለ ማንበብ ነው።

በቅድሚያ ግን ስለ ቆዳው ጥቂት እንበል።

የቆዳችን የላይኛው ሽፋን በአብዛኛው ሰውነታችን ላይ ከወረቀት የሳሳ ነው። የተሠራው እንደ ድንጋይ ካብ ነው፤ ድንጋዮቹ የሞቱ ጠፍጣፋ ሴሎች፣ ጭቃው ደግሞ ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና የቅባት አሲዶች ናቸው። ጭቃው ሲታጠብ በስንጥቁ ውሃ ይወጣል፤ ሳሙና፣ ሽቶና አቧራ ይገባል። አንዳንዱ ሰው ሲወለድም ጭቃው አነስ ያለ ነው፤ በልጅነታቸው ችፌ የነበረባቸው ይህን ያውቁታል። ሌላው በየቀኑ በደረቅ ሳሙና እየፈተገ ራሱ አሳስቶታል፤ ተራ ሳሙና አልካሊ ሲሆን፣ ጤነኛ ቆዳ በአንጻሩ ወደ አሲድ ያደላል፣ የፒኤች መጠኑም 5 አካባቢ ነው። ሌላው ደግሞ ካቡ ደህና ሆኖ ነርቮቹ ለትንሽ ነገር ይጮኻሉ። በ2017 የማሳከክን ችግር የሚያጠኑ ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ለቁጡ ቆዳ ትርጉም ሲሰጡ የተነሡት ከስሜቱ ነው፤ በተለምዶ ምንም ማድረግ በማይገባው ነገር ሲነካ የሚያቃጥል፣ የሚወጋ፣ የሚያሳክክ ቆዳ። ላይ ላዩን ሲታይ ፍጹም ጤነኛ ሊመስልም ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። አንደኛው ቁጣ ነው፤ መጠኑ ከበዛ ማንንም የሚያቃጥል ነገር ቆዳውን ነክቶ በደቂቃ ወይም በሰዓት ውስጥ ምላሹ ይታያል። ሁለተኛው እውነተኛው አለርጂ ነው። በዚህኛው የሰውነት መከላከያ አንድን ንጥረ ነገር በጠላትነት ይመዘግብና በሚቀጥለው ጊዜ ሲያገኘው ይዘምትበታል፤ ዘመቻውም ፈጥኖ አይደርስም፣ ከ1 እስከ 3 ቀን ይወስዳል። ሰኞ የተቀባነው ረቡዕ ያሳብጠናል፤ እኛ ግን የምንጠረጥረው ማክሰኞ ማታ የበላነውን ነው። «ይህንን ሎሽን ስንት ዓመት ተቀብቼዋለሁ፣ እሱ ሊሆን አይችልም» የሚለው ክርክርም አያዋጣም። አለርጂ የሚጀምረው ደጋግሞ ከነካን ነገር ነው፤ የዓመታት ወዳጅ አንድ ቀን ሊከዳ ይችላል።

ለእኛ መልክ ላለው ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። መጻሕፍቱ «ቆዳው ይቀላል» ይላሉ። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ጎልቶ አይታይም፤ ጠቆር፣ ሐምራዊ ሆን ይላል፣ ወይም ጭራሽ ሳይታወቅ ያልፋል። የምናውቀው በማቃጠሉና በመድረቁ ነው። ቁጣው ካለፈ በኋላ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል። ብዙ ሴቶች ወደ ኮስሞቲክስ ሱቅ ተመልሰው የማዲያት ክሬም የሚጠይቁት በዚህ ጊዜ ነው፤ ምልክቱን ያመጣው የመጀመሪያው ክሬም ሆኖ ሳለ። ወደዚህ እንመለሳለን።

አሁን ጠርሙሱን እናዙረው። ዝርዝሩ የሚጻፈው በመጠን ቅደም ተከተል ነው፤ ብዙ ያለው ይቀድማል፣ ጥቂት ያለው ይከተላል። አንድ ልዩ ፈቃድ ግን አለ። ከ1 በመቶ በታች የሆኑትን አምራቹ እንደፈለገው ሊያስቀድማቸው ወይም ሊያስከትላቸው ይችላል። ጥበቡ እንግዲህ ያ የ1 በመቶ መስመር የት እንዳለ መገመት ነው። አምራቹ አይነግራችሁም፤ ፌኖክሲኢታኖል ግን ሊነግራችሁ ይችላል። ይህ በጣም የተለመደ ማቆያ፣ ማለትም ክሬሙ ሻጋታና ባክቴሪያ እንዳያፈራ የሚጨመር ኬሚካል ነው፤ የአውሮፓ ሕግ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። እሱ ካለበት ወደ ታች ያለው ሁሉ ከ1 በመቶ አይበልጥም ማለት ነው።

በፊት ገጹ «በእሬት የበለጸገ፣ ከአልኮል ነፃ፣ ለስስ ቆዳ» የሚል አንድ የተለመደ ዓይነት ሎሽን ያዝን እንበል። ጀርባው በላቲን ፊደል ነው፤ ድምፁን ተከትለን ስናነበው እንዲህ ይላል፦ አኳ፣ ግሊሰሪን፣ ፓራፊነም ሊኩዊደም፣ ሴቴአሪል አልኮሆል፣ ዳይሜቲኮን፣ ፌኖክሲኢታኖል፣ አሎ ባርባደንሲስ፣ ሴራማይድ ኤንፒ፣ ፓርፉም፣ ሊናሉል፣ ሊሞኔን።

አኳ ውሃ ነው። ግሊሰሪን ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ውሃ ስቦ ይይዛል፣ ሁለተኛ መቀመጡ ደግሞ ደስ ይላል። ፓራፊነም ሊኩዊደም ከነዳጅ የተጣራ ዘይት ነው፤ ስሙ ያስፈራል፣ ለቁጡ ቆዳ ግን ከሽታማ የአበባ ዘይት ሁሉ የተሻለ ጠባይ አለው። ሴቴአሪል አልኮሆል የሚለው ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ «ከአልኮል ነፃ ተብሎ አልኮሆል!» ይባላል። ይህ ግን ሰም መሰል የቅባት ዘር ነው፤ ሎሽኑን ያወፍራል፣ ቆዳን ያለሰልሳል። መጠንቀቅ ያለብን «አልኮሆል ዲናት» ተብሎ ከዝርዝሩ መጀመሪያ አካባቢ ሲጻፍ ነው፤ እሱ በቅጽበት የሚተነው፣ ስንጥቅ ላይ ሲደርስ የሚያንገበግበው ነው። ዳይሜቲኮን ሲሊኮን ነው፤ አያጣላም። እስከዚህ ድረስ መልካም ሎሽን ነበር።

ቀጥሎ ፌኖክሲኢታኖል መጣ፤ መስመሩ ይኸው። ፊት ለፊት በትልቁ የተሣለው እሬት የሚገኘው ከመስመሩ በታች ነው፤ «የበለጸገ» የተባለው ቢበዛ ከመቶ አንድ እጅ ነው፣ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ሴራማይዱም ከመስመሩ በታች ነው፤ እሱን ግን በዚህ አንፈርድበትም። ሴራማይድ በጥቂቱም ይሠራል፤ ዝቅ ብሎ መጻፉ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም። ይህንን የምለው፣ «ከታች ያለ ሁሉ የማይረባ ነው» የሚል ደንብ ስለሚዘዋወርና ስለሚያሳስት ነው። አለርጂን በተመለከተ እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነው፤ ከመስመሩ በታች ያሉት ጥቃቅኖቹ ናቸው ቆዳውን የሚያስቆጡት።

የመጨረሻዎቹን ሦስት እንያቸው። ፓርፉም፣ በአሜሪካ ዕቃ ላይ «ፍራግራንስ»፣ ሽቶ ነው። በዚህ አንድ ቃል ሥር በደርዘን የሚቆጠሩ ቅመሞች ተደብቀው ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሕጉ የሽቶ ቀማሚውን ምሥጢር ያከብርለታል። አውሮፓ 26 ዋና ዋና አለርጂ ቀስቃሽ የሽቶ ቅመሞች መጠናቸው ከተወሰነ ነጥብ ካለፈ በስማቸው እንዲጻፉ ስታስገድድ ቆይታለች፤ ነጥቡ በቆዳ ላይ ለሚቀር ቅባት 0.001 በመቶ፣ ለሚታጠብ ደግሞ 0.01 በመቶ ነው። በ2023 በወጣ ሕግ ዝርዝሩ ከ80 በላይ ሆኗል። ሊናሉልና ሊሞኔን ከነባሮቹ 26ቱ መካከል ናቸው። አንደኛው በላቬንደር፣ ሌላው በብርቱካንና በሎሚ ልጣጭ ይገኛል። አዲስ ሳሉ ያን ያህል ክፉ አይደሉም፤ ከአየር ጋር እየተገናኙ ሲቆዩ ግን ተለውጠው ጠንካራ አለርጂ ቀስቃሽ ይሆናሉ። ክዳኑ ተከፍቶ መታጠቢያ ቤት መስኮት ላይ ስምንት ወር የተቀመጠ ሎሽን ከገዛንበት ቀን የበለጠ ሊያሳክከን የሚችለው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ «ለስስ ቆዳ» የተባለው ሎሽን ሽቶ አለበት። ይህ በምናብ ያቀናበርኩት ምሳሌ ነው፤ በገበያው ግን እንግዳ አይደለም። በ2017 በአሜሪካ የቆዳ ሕክምና መጽሔት ላይ በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች በትልልቆቹ ሱቆች በብዛት የሚሸጡ 174 የቆዳ ማለስለሻዎችን ጀርባ አንድ በአንድ አነበቡ። «ሃይፖአለርጄኒክ» ከተባሉት ውስጥ 83 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ የታወቀ አለርጂ ቀስቃሽ ንጥረ ነገር ነበረባቸው። «ሽቶ የለበትም» ከተባሉት ውስጥ ደግሞ 45 በመቶዎቹ ከሽቶ ጋር የሚዛመድ ወይም ከዕፅዋት የተገኘ ቀስቃሽ ይዘው ተገኙ። ሌላም ወጥመድ አለ፤ «ሽታ አልባ» ማለት ሽቶ የለበትም ማለት አይደለም። የጥሬ ዕቃውን ክፉ ሽታ ለማጥፋት የተጨመረ ሽቶ ሊኖርበት ይችላል፤ አፍንጫችን ምንም አይሰማውም፣ ቆዳችን ግን ይሰማዋል።

ከማስታወቂያ ቃላት ሁሉ በእኔ ግምት ብዙ ጉዳት ያደረሰው «ከዚህ ነፃ፣ ከዚያ ነፃ» የሚለው ቋንቋ ነው። ታሪኩ ረዘም ያለ ቢሆንም መናገር ይገባል።

ፓራበን የሚባሉት ማቆያዎች ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሲሠራባቸው ኖረዋል። በ2004 በእንግሊዝ የታተመ አንድ ጥናት ከጡት ዕጢ በተወሰዱ 20 ናሙናዎች ውስጥ ፓራበን እንደተገኘ ዘገበ። ጥናቱ ጤነኛ ሥጋን ለንጽጽር አልመረመረም፤ ፓራበን ካንሰር ያመጣል ብሎም አላረጋገጠም። ወሬው ግን ከጥናቱ ቀድሞ ሮጠ። ሸማቹ ፈራ፤ አምራቹ «ከፓራበን ነፃ» የሚል ማኅተም አተመ። ነገር ግን ውሃ ያለበት ክሬም ያለ ማቆያ በሳምንታት ውስጥ ይበላሻልና በፓራበን ቦታ ሌላ ነገር መግባት ነበረበት። ከገቡት አንዱ ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን ነው፤ ባለሙያዎቹ ሲያሳጥሩት ኤምአይ ይሉታል። ቀድሞ ከአንድ ዘመዱ ጋር ተቀላቅሎ በጣም በጥቂቱ ይገባ ነበር። በ2005 አውሮፓ ለብቻው፣ እስከ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 100 እጅ) ድረስ፣ እንዲገባ ፈቀደች። በሎሽኑ፣ በሻምፖው፣ ለሕፃናት መጥረጊያ በሚሆነው እርጥብ ሶፍት ሁሉ ተሰራጨ።

ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የአውሮፓ የቆዳ ክሊኒኮች በፊታቸው፣ በዐይን ሽፋናቸውና በእጃቸው ላይ ችፌ በወጣባቸው ሰዎች ተጨናነቁ። ሲመረመሩ ብዙዎቹ የኤምአይ አለርጂ ነበረባቸው። የአሜሪካ የንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር በየዓመቱ ትኩረት የሚሻ አንድ አለርጂ ቀስቃሽ ይመርጣል፤ በ2013 የመረጠው ኤምአይን ነበር። አውሮፓ በ2017 በቆዳ ላይ በሚቀሩ ቅባቶች ውስጥ ከለከለችው፤ በ2018 ደግሞ በሚታጠቡት ውስጥ ከ15 ፒፒኤም እንዳያልፍ ገደበችው። በ2019 ያው ማኅበር ባልተለመደ መንገድ የዓመቱን «አለርጂ የማይቀሰቅስ» ብሎ ሰየመ፤ የተሰየሙት ፓራበኖች ነበሩ።

በሰውነት ሆርሞን ላይ ስላላቸው ጠባይ የሚደረገው ምርምር ሌላ ጉዳይ ነው፤ አውሮፓም በ2014 በቂ መረጃ አልቀረበባቸውም ያለቻቸውን አምስት ፓራበኖች ከልክላ የቀሩትን በመጠን ገድባለች። ለሚቆጣ ቆዳ ግን ከማቆያዎች ሁሉ ገሮቹ እነርሱ ናቸው። «ከዚህ ነፃ» የሚለው ማኅተም የሚነግረን ሻጩ ዘንድሮ ሸማቹ ምን እንደፈራ ማወቁን ነው፤ በቦታው ምን እንደገባ ለማወቅ ከጀርባው ሌላ መንገድ የለም። የኤምአይን ረጅም ስም ካያችሁ መልሱት። ዲኤምዲኤም ሃይዳንቶይን፣ ኢሚዳዞሊዲኒል ዩሪያና ኳተርኒየም-15 የሚሉት ደግሞ ቀስ በቀስ ፎርማልዴሃይድ የሚለቁ ማቆያዎች ናቸው፤ እነርሱንም ለሌላ ሰው ተዉለት።

ሐኪም ያዘዘውም ቢሆን ከዚህ ምርመራ አያመልጥም። በእንግሊዝ አገር ለዘመናት ለችፌ ሲታዘዝ የኖረ «አኩየስ ክሬም» የሚባል ቅባት ነበር። በውስጡ 1 በመቶ ያህል ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት አለ፤ ይህም ተመራማሪዎች ሆን ብለው ቆዳን ማስቆጣት ሲፈልጉ የሚጠቀሙበት አጣቢ ነው። ቆዳ ላይ ሲቀር የላይኛውን ሽፋን እንደሚያሳሳ ታወቀና በ2013 የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አደረገ።

«ተፈጥሯዊ» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው፤ መከራከሪያው ብዙ ነው፣ ፍሬው ጥቂት። «98 በመቶ ተፈጥሯዊ» የሚል ዕቃ ስታዩ ውሃም በዚያ ሂሳብ ውስጥ እንደሚቆጠር አስታውሱ። ሎሚ ተፈጥሯዊ ነው፤ ፒኤቹ 2 አካባቢ ሲሆን ፊት ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን ያቃጥላል፣ ያጠቁራል። በየጓሮው ያለው ጤና አዳምም እንዲሁ ነው፤ ለቡና የሚሰጠውን ጣዕም ማንም አይክድም፣ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ከመታው ግን እስከ ውሃ መቋጠር ሊያደርስ ይችላል። እሬቱን እንኳ ከግቢ ቆርጠን ስንቀባ ከቅርፊቱ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ከነጩ ሥጋ ጋር ከተቀላቀለ ያሳክካል። የአያቶቻችን ቅቤ ቢያንስ ጀርባው ላይ የሚጻፍ አንድ ነገር ብቻ ነበረው።

ታዲያ ለቁጡ ቆዳ ምን ይቀራል? ብዙ ይቀራል፤ አብዛኛውም ርካሽ ነው። ተራ ነጭ ቫዝሊን ከቆዳ የሚተነውን ውሃ ከ98 በመቶ በላይ ያግዳል፤ አለርጂ ማስነሣቱ እጅግ ብርቅ ነው፣ ውሃ ስለሌለበትም ማቆያ አያስፈልገውም። ዝርዝሩ አንድ ቃል፣ ፔትሮላተም ብቻ ይሁን። ለሕፃናት የተባለው ሮዝ ክዳን ያለው ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ ሽቶ ይኖርበታል፤ የሕፃን ሽታ የምንለው እኮ ሽቶ ነው፣ ሕፃኑ ራሱ እንደዚያ አይሸትም። ግሊሰሪን ጥሩ ነው፤ እናቶቻችን በውሃ አቅጥነው መቀባታቸው ደግሞ ልክ ነው፣ ንጹሑ ብቻውን ይከብዳል። በደቃቁ የተፈጨ አጃ ያለበት ቅባት የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ከ2003 ጀምሮ ቆዳን እንደሚጠብቅ ያወቀለት ነው። ሴራማይድ ያለበት ሎሽን አቅሙ ላለው ይመከራል። ለፊት መታጠቢያም «ሳሙና» ከሚባለው ይልቅ አረፋው ያነሰውንና ሽቶ የሌለበትን መምረጥ ነው። ሲቀቡት የሚያቃጥል ነገር «እየሠራ ነው» የሚለውን የሻጭ ቃል ግን አትቀበሉ። ማቃጠሉ ከቆዳችሁ የመጣ መልስ ነው፤ ታጥባችሁ ተዉት።

ወደ ማዲያት ክሬሙ እንመለስ፤ ከቁጣና ከማሳከክ አልፎ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ነገር እዚህ ነው። በኮስሞቲክስ ሱቆች፣ በቴሌግራም ቻናሎችና ከአረብ አገር በሚመጡ ሻንጣዎች ውስጥ «በ7 ቀን ማዲያት የሚያጠፋ፣ ፊት የሚያፈካ» እየተባሉ የሚሸጡ ብልቃጦች ሞልተዋል። አንዳንዶቹ ጀርባቸው ባዶ ነው። ጀርባው ባዶ የሆነ ዕቃ የሚሸጠው የሚደብቀው ነገር ያለው ነጋዴ ነው፤ እዚያው ይቅር።

በእነዚህ ውስጥ የሚገኙት ሦስት ናቸው። አንደኛው ክሎቤታሶልን ወይም ቤታሜታሶንን የመሰለ ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። በሐኪም እጅ መድኃኒት ነው፤ ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽፍታው ይጠፋል፣ ፊት ይፈካል፤ ጓደኛ ሁሉ ምን ተቀብተሽ ነው ይላል። ቀጥሎ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉርና ፀጉር ይወጣል። ለማቆም ሲሞከር ፊቱ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ተመልሶ ይቀባል። ቆዳዬ በጣም ሴንሲቲቭ ነው ከሚሉት ሰዎች ጥቂት የማይባሉት ሴንሲቲቭ ሆነው አልተወለዱም፤ ክሬሙ ነው ያደረጋቸው። እንዲህ ያለውን በድንገት ማቆምም ስለሚጎዳ አተዋወቱን ሐኪም ቢመራው ይሻላል።

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ደቡብ አፍሪካ በ1990 ከመዋቢያ ያገደችው ሲሆን፣ ያለ ቁጥጥር ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ሊያነጣው የታሰበውን ቆዳ መልሶ ሰማያዊ መሰል ጥቁር ያደርገዋል። ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው። ቆዳን አልፎ ወደ ደም ይገባል፤ ዋናው ጉዳቱም ኩላሊት ላይ ነው። በ2013 በጃፓን የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ከ1 ፒፒኤም በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው የቆዳ ማንጫዎች ከገበያ እንዲወጡ ወስኗል። በዝርዝሩ ላይ «ካሎሜል» ተብሎ ሊመጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጭራሽ አይጻፍም። የሚያጋልጠው አንዳንዴ የአጠቃቀም መመሪያው ነው፤ «ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም ጋር አይንካ» የሚል ካያችሁ ሜርኩሪ ከብረት ጋር ስለሚዋሃድ ነው። ቀለበቷን አውልቃ እንድትቀባው የምትመከር ሴት፣ ቀለበቷን የሚያበላሸው ነገር ፊቷ ላይ ምን እንደሚሠራ ብትጠይቅ መብቷ ነው።

ጀርባውን አንብባችሁ የወደዳችሁትን ዕቃ ገዝታችሁ ስትገቡም በቀጥታ ፊት ላይ አትውሰዱት። ከክንድ በውስጥ በኩል፣ ከክርን ዝቅ ብላችሁ፣ የአንድ ብር ሳንቲም በሚያህል ቦታ ላይ ጠዋትና ማታ ለአንድ ሳምንት ቀቡት፤ ከቻላችሁ ሁለት ሳምንት። አንድ ቀን ብቻ መሞከር ለቁጣ ይበቃል፣ ለአለርጂ ግን አይበቃም፤ መከላከያው ሲዘምት ቀናት እንደሚወስድ ከላይ ብለናል። የሚታጠብ ነገር ከሆነ በዚህ መንገድ አይፈተንም፤ እዚያው ሲቀር ማንንም ያስቆጣል። በአንድ ጊዜ አንድ አዲስ ዕቃ ብቻ ይሁን፤ ሦስት በአንድ ቀን የጀመረ ሰው ፊቱ ሲያብጥ ማንን እንደሚከስ አያውቅም።

ይህም ሆኖ የማይለቅ ችፌ ካለ፣ በተለይ በዐይን ሽፋን፣ በከንፈር ዙሪያና በእጅ ላይ፣ የቆዳ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ስትሄዱ የምትቀቡትን ሁሉ፣ ሳሙናውን፣ የፀጉር ቅባቱን፣ የጥፍር ቀለሙን፣ ዘመድ የሰጣችሁን ብልቃጥ ሳይቀር በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የፓች ምርመራ በሚሰጥበት ቦታ ሐኪሙ የተለመዱትን አለርጂ ቀስቃሾች በጥቃቅን ነጠብጣብ ጀርባችሁ ላይ ይለጥፋል፤ ለ48 ሰዓት ሳይታጠብ ይቆያል፣ ከተነሣ በኋላ ይነበባል፣ ከአንድና ሁለት ቀን በኋላም እንደገና ይነበባል። የሚሰጣችሁ ውጤት የሁለት ወይም የሦስት ኬሚካል ስም ነው። እነዚያን ስሞች በላቲን ፊደል፣ ሐኪሙ እንደጻፋቸው፣ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ሱቅ ገብታችሁ ጠርሙሱን ስታዞሩ የምትፈልጉት እነርሱን ብቻ ነው።